ሰባት ዓርብ ለባንዶች

ሰሞኑን በየስልኩ የሚዞሩትን፣ በየአደባባዩ ስክሪን የሚያልፉትን የፋሲካ ማግስት ኮንሰርት ማስታወቂያዎች ልብ ብላችሁ እዩአቸው። የድምፃዊው ፊት ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። ከግርጌ የባንኩ፣ የውኃው፣ የሪል እስቴቱ ምልክት ተደርድሯል። ትኬት የሚገኝበት ስልክ አለ፤ የቪአይፒ ዋጋም አለ። የባንዱ ስም ግን የለም። ቢበዛ «በሙሉ ባንድ ታጅቦ» ይላል። የትኛው ባንድ? ቤዝ ጊታሩን የሚጫወተው ማን ነው? የሚጠይቅ የለም፤ አዘጋጁ ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። እኔ ግን ሳላውቅ አላድርም፤ ማይክ የምሰካላቸው እኔ ነኝ።

ሥራዬ የድምፅ ሥራ ነው። እናንተ ስትጨፍሩ ከሕዝቡ መሀል በብረት ታጥሮ፣ ዝናብ እንዳይነካው ላስቲክ ለብሶ የምታዩት ጠረጴዛ የእኔ ነው። ሙያውን የጀመርኩት ደሴ፣ የኪነት ሰዎች እግር ሥር ገመድ እየጠቀለልኩ ነው። (ገመድ በክርን አይጠቀለልም፤ ውስጡ ይሰበራል። ዛሬም በክርኑ የሚጠቀልል ረዳት ሳይ ደሜ ይፈላል።) ከዚያ ወዲህ ያላየሁት ዓይነት መድረክ የለም ማለት እችላለሁ፤ ስታዲየም፣ የሆቴል ግቢ፣ የሠርግ አዳራሽ፣ የጭነት መኪና ጀርባ።

ከሚክሰሩ ኋላ ሆኖ የሚታየው ይሄ ነው። ድምፃዊው ኮንሰርት ይፈርማል። ቀኑ ሲቃረብ ኪቦርዲስት ይጠራል፤ ኪቦርዲስቱ ድራመር ይጠራል፤ ድራመሩ የሚያውቀውን ቤዚስት ይዞ ይመጣል። ጥቂት ይለማመዳሉ፣ ሌሊቱ ያልፋል፣ ሂሳብ ይቀበላሉ፣ ይበተናሉ። ልጆቹ ችሎታ አንሷቸው አይደለም፤ ብዙዎቹ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡ፣ ኖታ በቁማቸው የሚያነቡ ናቸው። ግን ባንድ አይደሉም። ባንድ ማለት ድራመሩ ትከሻውን ሲያነሳ ቤዚስቱ ምን እንደሚመጣ ቀድሞ የሚያውቅበት፣ ዘፋኙ አንድ ቤት ቢዘል አምስቱም አብረውት የሚዘሉበት የሰዎች ስብስብ ነው። ይህን በጥቂት ቀን ልምምድ የሚያመጣው የለም። ከዚህ የባሰም አለ፤ ፍላሽ ይዞ የሚመጣው። ሙዚቃው ተቀርጾ አልቋል፣ መድረክ ላይ ያሉት ልጆች ጊታራቸውን ይነካካሉ፣ ገመዱ ግን ወደ እኔ አይደርስም። ለዚህ ነው ሰው በሺህ የሚቆጠር ብር ከፍሎ የሚገባው።

ይህ ሕዝብ የባንድ ስም የማያውቅ ሕዝብ ሆኖ አይደለም። ዋልያስ ሂልተን ነበር፤ አይቤክስ ራስ ሆቴል። በደርግ ሰዓት እላፊ ዘመን ሰው ሆቴል ከገባ ወዲያ እስኪነጋ መውጫ ስለሌለው ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር፤ እንዲህ ያለ ልምምድ የትኛውም ትምህርት ቤት አይሰጥም። ከአይቤክስ ሮሃ ወጣ፤ ሮሃ የሠራቸው ካሴቶች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ዋልያስ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ያለ ዘፋኝ ተጫውተውት ይኸው እስከ ዛሬ የውጭ ባንዶች ሳይቀሩ ይጫወቱታል። በ1970ዎቹ አሜሪካ ሄደው ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ዓመታት ታክሲ ነድቶ፣ በ2005 ዓ.ም. አሮጌ ካሴቱ እንደገና ሲታተም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ አድማጩ ትኬት የሚቆርጠው ጣቶቹን ለመስማት ነው።

አዲስ አበባ ብቻም አልነበረችም። ድሬዳዋ ላይ በ1950ዎቹ አጋማሽ አፍረን ቀሎ ተመሠረተ። ገና ጢም ያላበቀለው ዓሊ ቢራ የገባው እዚያ ነው፤ «ቢራ» የሚለው ስም ራሱ የወጣለት በመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። በኋላ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባ፤ ጥቅምት 2015 ሲያርፍ ያለቀሰለት የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ ብቻ አልነበረም። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው። ከሐዲዱ ጋር ዐረቡም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሶማሌውም ስለመጣ የከተማው ሙዚቃ ከመነሻው የተቀላቀለ ሆነ። ወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ነበረው፤ ማሪቱ ለገሰን ያፈራው እሱ ነው። ጎንደር ፋሲለደስ ነበረው። ጎጃም ግሽ ዓባይ ነበረው።

የደርግን ዘመን ኪነት ላወድስ አይደለም። መፈክር መዝፈን ግዴታ ነበር፤ ሥራው የካድሬ ሥራ ነበር፤ ቀበሌ የላከው ልጅ ወዶ ሳይሆን ተመልምሎ የሚገባበት ጊዜ ነበር። ግን አንድ ነገር ነበረው፦ ደመወዝ። ደሴ ያለ ሳክስፎን ተጫዋች በየወሩ የሚቀበላት ስላለችው፣ ሳክስፎኑን ሳይሸጥ፣ አዲስ አበባ ሳይሰደድ፣ ጠዋት ጠዋት ከነጓደኞቹ ይለማመድ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ መፈክሩ ሄደ፤ ደመወዙም አብሮ ሄደ። መሣሪያው የት እንደገባ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አሁን የክልል ከተማ ባንድ ሁለት መንገድ ነው ያለው። ወይ ሠርግ፣ ወይ አዲስ አበባ። ሠርግ እንጀራ ነው፤ አልንቀውም፤ ግን በሠርግ ላይ ማንም አዲስ ሥራ አይሰማላችሁም። አዲስ አበባ የመጣው ደግሞ ባንዱን ትቶ ብቻውን ነው የሚመጣው፤ ከላይ ካልኳቸው ከሚጠሩት አንዱ ይሆናል። ማታ ማታ የሚጫወትበት ቤትም እየጠበበ ነው። ጃዝአምባ ከጣይቱ ሆቴል ጋር በ2007 ተቃጠለ። ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ ፈንድቃም አብሮ ፈረሰ። መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት አንሥቶ የዓለም ሙዚቀኛ የሚመጣበት ቦታ ያደረገው ግቢ ነበር።

የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በየዓመቱ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት፣ ዓርብ ዓርብ፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ቋሚ መድረክ። በየዓርቡ አንድ ባንድ ከአዲስ አበባ፣ አንድ ባንድ ከክልል ከተማ። በስማቸው፣ በራሳቸው ሥራ፣ ሙሉ ሰዓት።

ለምን ሃምሳው ቀን? የሙዚቃ ሥራችን የቀን መቁጠሪያ ምን እንደሚመስል ከውጭ ያለ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሃምሳ አምስት ቀን ክለብ ይቀዘቅዛል፤ ግማሹ ሙዚቀኛ ሥራ ይፈታል። ዘንድሮ፣ በ2018፣ ደግሞ ረመዳንም በዚያው ሰሞን ስለገባ ያለቀለት ነበር። ከፋሲካ በኋላ ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳን ይበላሉ። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፣ ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23። በመካከል ሰባት ዓርብ አለ። ቅዳሜና እሑድን የሠርግ ወቅት ወስዷቸዋል፤ ያን ሰሞን ቅዳሜ ማታ ነፃ የሆነ ኪቦርዲስት ካገኛችሁ ጠርጥሩት። ዓርብ ግን ባዶ ነው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት የሐዋርያት ጾም ይገባል፣ ሰኔ ሲመጣ ዝናቡ ይከተላል፤ እስከ እንቁጣጣሽ ክፍት ሜዳ ላይ ሚክሰር የሚያወጣ ሞኝ የለም። የሚያዝያ ከሰዓት ዝናብ አለ፤ አውቃለሁ። ለእሱ ደህና ጣሪያ ያለው መድረክና የተረፈ ላስቲክ ይበቃዋል።

ለምንስ ተከታታይ? እዚህ ላይ ከአዘጋጆች ጋር ሁሌም እንከራከራለን። የኮንሰርት ወጪ አብዛኛው ሙዚቃ ላይ አይውልም። መድረክ መግጠም፣ ስፒከር ማንጠልጠል፣ ጄኔሬተርና ነዳጅ፣ አጥር፣ ጥበቃ፣ ጫኝና አውራጅ፤ ይሄ ሁሉ ለአንድ ሌሊት ይከፈላል፣ በማግስቱ ይፈርሳል። ስለዚህ አዘጋጁ ገንዘቡን በአንድ ሌሊት ለማስመለስ ትልቅ ስም ይፈልጋል፣ ትልቁ ስም ትልቅ ክፍያ ይፈልጋል፣ ትኬቱ ይወደዳል፣ የባንዱ ሂሳብ መጨረሻ ላይ የተረፈችው ትሆናለች። ያው መድረክ ሰባት ሳምንት ከቆመ የመግጠምና የማፍረስ ወጪው ለሰባት ይካፈላል። ድራሙ እዚያው ይቆያል፤ የቤዝና የጊታር አምፕሊፋየሩ፣ የሞኒተሩ፣ የማይኩ ገመድ እዚያው ይቆያል። ከአርባ ምንጭ የሚመጣ ባንድ ጊታሩን በትከሻው አንግቶ ብቻ ይመጣል። ስፒከሮቹን ለዚያ ቦታ አንዴ አስተካክዬ ከጨረስኩ በሦስተኛው ዓርብ የምሰጣችሁ ድምፅ የቦታውን ማስተጋባት የተማረ ድምፅ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ባንዱ ሳውንድ ቼክ ያገኛል። አገራችን ውስጥ ሳውንድ ቼክ ማለት በር ከተከፈተ በኋላ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» ማለት ሆኖ ቀርቷል።

ገንዘቡስ? ድሮ የቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ የሚሸከሙት። የአልኮል ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከተገደበ ወዲህ ያ በር ጠቧል፤ በአዋጁ አልከፋም፣ ግን የተወውን ክፍተት ማንም አልሞላውም። ከተማው ለኮሪደር ልማት ያወጣውን ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። አደባባይ ተሠርቷል፣ ፏፏቴ ተተክሏል፣ መቀመጫ ተደርድሯል፣ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ሰው ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ከእነዚያ አደባባዮች አንዱን ለሰባት ዓርብ መስጠት ተጨማሪ አስፋልት አይጠይቅም። ባንኮቹም ለአንድ ሌሊት ለአንድ ፊት የሚከፍሉትን ለሰባት ሳምንት ቢከፍሉ ስማቸው በሰባት ዓርብ ይታያል፤ ይህን ለመረዳት የማርኬቲንግ ዲግሪ አያስፈልግም።

አሁን ወደምፈራው ልምጣ። ይህ ሐሳብ ቢሮ ከገባ ምን ሆኖ እንደሚወጣ አውቀዋለሁ፤ የኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ዝግጅት ሆኖ ነው የሚወጣው። «ለእያንዳንዱ ክልል አሥር ደቂቃ፣ በባህል ልብስ» ይባላል። የጅማው ልጅ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ትቶ ጎፈር እንዲያጠልቅ ይነገረዋል። የጂግጂጋው ባንድ የራሱን አዲስ ዜማ ሊጫወት መጥቶ «ባህላዊውን ብቻ» ይባላል። መድረክ መሪው በሁለቱ መሀል ገብቶ ስለ ውበታችንና ኅብራችን ረዥም ንግግር ያደርጋል፣ እኔም ማይኩን ዝቅ የማድረግ ፈተና ውስጥ እገባለሁ። ባንድ የክልል ተወካይ አይደለም። የሐዋሳ ባንድ ብሉዝ መጫወት ቢፈልግ መብቱ ነው። የመቀሌ ባንድ ለሰዓት ያህል ያለ ዘፋኝ ቢጫወት መብቱ ነው። ለባህል ቡድኖች ክብር አለኝ፤ ግን አንድን ከተማ በልብሱ ብቻ የምናውቀው ከሆነ ሙዚቀኛውን አልሰማነውም።

በዚያ ላይ የአካባቢው ነገር ራሱ በልብስ ውስጥ አይደለም፤ በምቱ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ የሚሠራው ዘፈን ሁሉ ምቱ የሚወጣው ከኪቦርድ ነው፤ ጉራግኛው፣ ወላይትኛው፣ ጉዋይላው ሁሉ አንድ ማሽን ውስጥ ገብቶ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ወላይታ ሶዶ ያደገ ድራመር የሚመታው ግን ከማሽኑ ትንሽ ይቀድማል፤ ያቺ መቅደም ናት እግር የምታስነሳው። የዶርዜ ሰዎች ሲዘፍኑ ድምፁ አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው የተለያየ ዜማ ባንድ ጊዜ ይዞ ይገባበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ስሠራላቸው እንደ ልማዴ በየሰዉ ፊት ማይክ ላቆም ስል ሽማግሌው ሣቁብኝ። «ልጄ፣ እኛ እርስ በርስ ካልተሰማማን ለነሱ ምን እናሰማለን?» አሉኝ። ማይኮቹን አንሥቼ ሁለት ብቻ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩ፤ ከስፒከሬ እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊት ወጥቶ አያውቅም። ይህን ትምህርት አዲስ አበባ ውስጥ ማንም አልሰጠኝም።

መንገዱን በተመለከተ ዓይናችንን ጨፍነን የምናልፈው ነገር የለም። ዛሬ ከብዙ ከተሞች በመኪና መሣሪያ ጭኖ መምጣት ለሕይወት ያሰጋል። ለዚህ ነው ከባዱ ዕቃ እዚሁ ይቆይ የምለው፤ ሰው በአውሮፕላን ይመጣል። ድሬዳዋ ባቡር አላት። መምጣት ያልቻለ ባንድ ካለ ደግሞ ቦታው ለሌላ ይሰጥና እሱ በቀጣዩ ዓመት ይጠበቅ። አንድ ጊዜ የክልል ከተማ ውስጥ መድረክ ገጥመን፣ ስፒከር ሰቅለን፣ ሳውንድ ቼክ ጨርሰን ሳለ «ፈቃዱ ተነሥቷል» ተብለን ማታውኑ ነቅለን ተመልሰናል። ምክንያቱን የነገረን የለም። የባንዱ ልጆች ምንም አልተከፈላቸውም። አንድ ሌሊት ብቻ ያለው ዝግጅት እንዲህ ባንዲት ፊርማ ይሞታል፤ የሰባት ሳምንቱ ግን አንዱ ዓርብ ቢቀር ስድስቱ ይተርፋሉ። ፈቃዱም አንዴ፣ ለሰባቱም፣ አስቀድሞ ይሰጥ።

ማን ይምረጥ? የሚመርጠው ኮሚቴ ድምፃዊ የሌለበት ይሁን ብል ወዳጆቼ ይቀየሙኛል፤ ይቀየሙ። ከያሬድ አንድ አስተማሪ፣ ሁለት አንጋፋ መሣሪያ ተጫዋቾች፣ አንድ የድምፅ ሰው ይበቃሉ። ባንዶቹ ቀረጻ ይላኩ፤ ስቱዲዮ ያልገባ፣ በስልክ የተቀረጸ የልምምድ ቀረጻ። መስፈርቱ ሁለት ነው፦ አንድ ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት የተጫወቱ፣ የራሳቸው ሥራ ያላቸው። ክፍያው ለባንዱ በባንዱ ስም፣ ከመድረኩ በፊት ይግባ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ከወጣ ከ1996 ጀምሮ ከዋኝ መብት አለው ይባላል፤ ምሽቱ ከተቀረጸና ቴሌቪዥን ካስተላለፈው ያ መብት በውሉ ላይ ይጻፍ።

ጫጫታውስ ለሚለኝ፣ ለዚህ መልስ አለኝ፤ ሙያዬ ነው። ሰፈርን የሚረብሸው ሙዚቃ ሳይሆን ወደ ሰፈር የዞረ ስፒከር ነው። ትንንሽ ስፒከር በዛ አድርጎ ወደ መሬት አጎንብሶ መስቀል ሁለት ትልልቅ ግንብ የሚያክል ነገር ማቆምን ይተካል፤ ከሜዳው ወዲያ ሲሻገሩ ድምፁ ይወድቃል። ሰዓቱም በጊዜ ይሁን። ከቀኑ 11 ሰዓት ተጀምሮ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቅ። «2 ሰዓት ይጀምራል» ብሎ ድምፃዊውን እኩለ ሌሊት የሚያወጣ ዝግጅት ልጅ ላላት እናት፣ ለሽማግሌው፣ በማግስቱ ሥራ ለሚገባውና ታክሲ ለሚይዘው ሰው ሁሉ በሩን ዘግቷል። የባንድ አድማጭ ደግሞ እነሱ ናቸው፤ ዋልያስን በስም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያውን ዓርብ ለድሬዳዋ ብሰጥ ደስ ይለኛል። ሐሙስ በባቡር ይምጡ፣ ይደሩ፣ ዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሳውንድ ቼክ አለ። እኔ 2 ሰዓት ላይ ደርሼ ገመዱን ዘርግቼ እጠብቃቸዋለሁ፤ ድራመሩ የራሱን ስኔር ይዞ ይምጣ፣ የእኛው ቆዳው አርጅቷል።